4-20ን ነቅሎ ፊልድባስ መዘርጋት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «በአንድ ስኳር ፋብሪካ የኢንስትሩመንት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ወደ 160 የሚጠጉ ትራንስሚተሮችና የቫልቭ ፖዚሽነሮች አሉን። ሁሉም በ4-20 ሚሊ አምፒር ከፒኤልሲው ጋር የተገናኙ ናቸው። አብዛኞቹ ላይ ‹ሃርት› የሚል ጽሑፍ አለ። እኛ ግን ሬንጅ ለመቀየር ካልሆነ አንጠቀምበትም። ኮሙኒኬተራችንም ገሚሱን ያነባል፣ ገሚሱን አያነብም። አሁን አንድ አቅራቢ መጥቶ ‹4-20 ያለፈበት ነው፤ ሁሉንም ወደ ፊልድባስ እናዙረው፤ ኬብል ይቀንሳል፣ ልኬቱ ይፈጥናል፣ ትክክለኛነቱም ይጨምራል› አለን። ሥራ አስኪያጃችን ሐሳቡን ወዶታል። በክረምቱ ጥገና ይሠራ እየተባለ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?»

ለአዲስ አንባቢ አምስት ቃል ላስቀድም። ትራንስሚተር ልኬት የሚልክ መሣሪያ ነው። ፒኤልሲ ልኬቱን ተቀብሎ ፋብሪካውን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር ነው። 4-20 ማለት ልኬቱን ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር ባለው ከረንት መላክ ነው። ሃርት በዚያው ሽቦ ላይ የሚደረብ ዲጂታል መልእክት ነው። ፊልድባስ ደግሞ ብዙ መሣሪያ በአንድ ሽቦ ላይ በዲጂታል የሚነጋገርበት አሠራር ነው። መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አትንቀሉት። አቅራቢው ከተናገራቸው ሦስት ነገሮች ኬብል ይቀንሳል የሚለው በከፊል እውነት ነው። ፍጥነቱ ስህተት ነው። ትክክለኛነቱም የተባለውን ያህል አይደለም። የምትፈልጉት ጥቅም አብዛኛው ደግሞ አሁን ባላችሁ ሽቦ ላይ ሳትጠቀሙበት ተቀምጧል። እሱን ሳታወጡ አዲስ ኔትወርክ መግዛት ገንዘባችሁን ብቻ ሳይሆን ክረምቱንም ይበላባችኋል።

መጀመሪያ «ያለፈበት» የሚለውን እንየው። 4-20 እስከ ዛሬ የቆየው በልማድ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሽቦዎች ለመሣሪያው ኃይል ይሰጡታል፤ ልኬቱም በዚያው ሽቦ ይመለሳል። ዜሮው 0 ሳይሆን 4 መሆኑ ደግሞ ትልቅ ብልሃት ነው። ታንኩ ባዶ ሲሆን 4 ይመጣል። ሽቦው ሲበጠስ 0 ይመጣል። ሁለቱ አይምታቱም። ናሙር ኤንኢ 43 የሚባለው የኢንዱስትሪ ምክረ ሐሳብ ይህን የበለጠ አጥርቶታል። ከ3.8 እስከ 20.5 ሚሊ አምፒር ያለው ልኬት ነው። ከረንቱ 3.6 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ወይም 21 እና ከዚያ በላይ ሲወጣ፣ መሣሪያው «ተበላሽቻለሁ» እያለ ነው። ፒኤልሲያችሁ ይህን ድንበር እንዲለይ ተጽፎለታል? ካልተጻፈ አንድ ሳንቲም ሳታወጡ በዚህ ሳምንት ልታስተካክሉት ትችላላችሁ።

ፍጥነት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ዲጂታል ነው፣ ስለዚህ ፈጣን ነው» ይባላል። ፋውንዴሽን ፊልድባስ ኤች1 እና ፕሮፊባስ ፒኤ የተባሉት የፊልድባስ ዓይነቶች ሁለቱም በሰከንድ 31,250 ቢት ነው የሚሄዱት። በአንድ ሽቦ ላይ አሥር መሣሪያ ተራውን እየጠበቀ ይናገራል። አንድ ዙር ግማሽ ሰከንድ ወይም አንድ ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። 4-20 ግን ተራ የለውም። ከረንቱ ሁልጊዜ እዚያው አለ፤ ፒኤልሲው በፈለገው ሰዓት ያነበዋል። ለኢቫፖሬተር ሌቭል ይህ ልዩነት አያስጨንቅም። «ይፈጥናል» ተብሎ ግን ገንዘብ ሊጠየቅበት አይገባም።

ትክክለኛነቱ ላይ አቅራቢው ትንሽ እውነት አለው። በፊልድባስ ልኬቱ ወደ ከረንት ተቀይሮ እንደገና ወደ ቁጥር አይመለስም። ቁጥሩ ከነመለኪያ አሃዱ ስለሚላክ የትራንስሚተሩና የፒኤልሲው ሬንጅ አልገጥም የሚልበት ችግርም ይቀራል። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን በስኳር ፋብሪካ ልኬት የሚያበላሸው በአብዛኛው ሌላ ነው። ጁስ የደፈነው ኢምፐልስ ላይን (ግፊቱን ወደ ትራንስሚተሩ የሚያደርስ ቀጭን ቱቦ) ነው። ከኖራው የተነሳ ቅርፊት የያዘ የፒኤች ኤሌክትሮድ ነው። ባጋስ (የተጨመቀ አገዳ ገለባ) የነካው፣ እንፋሎት የገባበት ክዳን ነው። ከእነዚህ አንዱንም ፊልድባስ አያጸዳላችሁም።

ኬብል ይቀንሳል የሚለው ለአዲስ ፋብሪካ እውነት ነው። በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ አሥር መሣሪያ ሲንጠለጠል ትሬዩም፣ የተርሚናል ብዛቱም ይቀንሳል። የእናንተ ኬብል ግን ተከፍሎበት ተዘርግቷል። የተዘረጋውን ነቅሎ «ኬብል ቆጠብን» ማለት አይቻልም።

ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። «ፊልድባስ» የአንድ ነገር ስም አይደለም። በ1980ዎቹ እና 1990ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አምራቾች አንድ ዓለም አቀፍ ደረጃ እናውጣ ብለው ለዓመታት ተከራክረዋል። መጨረሻ ላይ ሊስማሙ ስላልቻሉ አይኢሲ 61158 የተባለው ደረጃ ስምንት የተለያዩ ዓይነቶችን አንድ ላይ ይዞ ወጣ። ውጤቱን እስከ ዛሬ የምንሸከመው እኛ የጥገና ሰዎች ነን። ኤች1 እና ፕሮፊባስ ፒኤ አንድ ዓይነት ሽቦና አንድ ዓይነት የሲግናል አላላክ ይጠቀማሉ። ቋንቋቸው ግን ስለማይገጥም አይግባቡም። ፒኤ ትራንስሚተር ተቃጥሎ መጋዘን ውስጥ ያለው የኤች1 ቢሆን አይጠቅማችሁም። የ4-20 ትራንስሚተር ግን የየትኛውም አምራች ይሁን ዛሬ ገጥማችሁ ዛሬ ታስነሡታላችሁ። መለዋወጫ ከውጭ እስኪገባ ወራት ለሚጠብቅ ፋብሪካ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ፊልድባስ ከዘረጋችሁ ምን እንደሚጠይቃችሁ ልንገራችሁ። አቅራቢዎች ይህን ክፍል ቶሎ ያልፉታል። በእያንዳንዱ ሴግመንት (መሣሪያዎች በጋራ የሚንጠለጠሉበት አንድ መስመር) ላይ ሁለት ተርሚኔተር ያስፈልጋል። አንድም ሦስትም ሳይሆን ሁለት፣ በዋናው መስመር ሁለት ጫፎች ላይ። ተርሚኔተር 100 ኦም ሬዚስተርና 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ የተያያዙበት ትንሽ ዕቃ ነው። ሁለቱ በአንድነት ለሲግናሉ 50 ኦም ይሆናሉ። አንድ ሰው ሳያውቅ ሦስተኛ ቢጨምር 33 ኦም ይሆንና ሲግናሉ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። ወዲያው ላይቆም ይችላል። አንዳንዱ መሣሪያ ይታያል፣ አንዳንዱ ይጠፋል፣ ማታ ይመለሳል። እንዲህ ዓይነቱን ብልሽት መፈለግ ከባድ ነው።

የኃይል ስሌትም አለ። እያንዳንዱ መሣሪያ 20 ሚሊ አምፒር ቢወስድ አሥሩ 200 ሚሊ አምፒር ይወስዳሉ። ለዚህ ሥራ የተሠራው ኤ ዓይነት ኬብል በኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 44 ኦም ገደማ አለው። 500 ሜትር ከሆነ 22 ኦም ነው፤ 4.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ ከሚላከው ቮልቴጅ ተቀንሶ መሣሪያው ጋ ቢያንስ 9 ቮልት ከደረሰ ምንም አይልም። ግን አቅራቢው «የድሮውን ኬብላችሁን እንጠቀማለን» ካለ ቆም በሉ። ቀጭን ከሆነ፣ ሺልዱ ከተቆረጠ፣ በየቦክሱ ብዙ ቅጥያ ካለው ስሌቱ ሌላ ነው። ኃይሉ ቢበቃ እንኳ ሲግናሉ ይበላሻል። ተራ የ24 ቮልት ፓወር ሰፕላይም በቀጥታ አይሠራም። ሲግናሉን ስለሚውጠው በመካከል ለፊልድባስ የተሠራ ፓወር ኮንዲሽነር ወይም ካፕለር የግድ ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ፋብሪካ በፕሮፊባስ ፒኤ ሴግመንት ላይ የነበሩ ዘጠኝ ትራንስሚተሮች ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በአንዴ ጠፉ። ክረምት ነበር። የሽፍቱ ልጆች ጎበዞች ነበሩ፤ በእጃቸው ያለው ግን መልቲሜትር ብቻ ነው። መልቲሜትሩ 19 ቮልት ያሳያል፤ ኃይል አለ ማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹን ጠረጠሩ። ሁለት ጤነኛ ትራንስሚተሮችን ፈትተው ቀየሩ። ችግሩ የተገኘው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ጃንክሽን ቦክስ ላይ የኬብል ግላንዱ ወደ ላይ ዞሮ ነበር፣ በደንብም አልጠበቀም። የዝናብ ውሃ ገብቶ ተርሚኔተሩን አበላሽቶታል። በ4-20 ቢሆን ኖሮ ያ ውሃ አንድ ወይም ሁለት ልኬት ያጠፋ ነበር፤ በሽታውም በመልቲሜትር በደቂቃዎች ይገኝ ነበር። ፕሮፊባስ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በትክክል ተዘርግቶ፣ ቅርንጫፎቹ ሾርት መከላከያ ባለው ቦክስ ተለያይተው፣ የሲግናል መለኪያ በሽፍቱ እጅ ሲኖር ለብዙ ዓመታት ያለ ችግር ይሠራል። እነዚያ ልጆች ግን ዕቃው ሲመጣላቸው መለኪያውም ሥልጠናውም አልመጣላቸውም። እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

ወደ ሃርት እንምጣ። የእናንተ መፍትሔ ያለው እዚህ ነው። ሃርት በ1980ዎቹ ከሮዝማውንት ኩባንያ የወጣ አሠራር ነው። በ4-20 ከረንቱ ላይ ከፍና ዝቅ የሚል ትንሽ ሲግናል ይጨምራል፤ መጠኑ በሁለቱም አቅጣጫ 0.5 ሚሊ አምፒር ነው። 1200 ኸርትዝ ሲሆን 1፣ 2200 ኸርትዝ ሲሆን 0 ማለት ነው። ከፍታውና ዝቅታው እኩል ስለሆነ አማካዩ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ «ሃርት ልኬቱን ይረብሻል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ፍጥነቱ በሰከንድ 1200 ቢት ብቻ ነው፤ በሰከንድ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ይመልሳል። ለኮንትሮል አይሆንም። ለምርመራ ግን ይበቃል።

ኮሙኒኬተራችሁ ገሚሱን የማያነብበት ዋና ምክንያት ሬዚስታንስ ይመስለኛል። የሃርት ሲግናል እንዲታይ በሉፑ (ከረንቱ በሚዞርበት ሽቦ) ውስጥ ቢያንስ 230 ኦም፣ በተለምዶ 250 ኦም መኖር አለበት። ፓወር ሰፕላይ ለዚህ ሲግናል እንደ ሾርት ነው። የፒኤልሲ ካርዳችሁ መግቢያ 250 ኦም ከሆነ ኮሙኒኬተሩ ያነባል። 50 ወይም 100 ኦም ከሆነ ሲግናሉ ይዋጣል። ሁለት ዓይነት ካርድ ካላችሁ ገሚሱ የሚሠራው፣ ገሚሱ የማይሠራው ለዚህ ነው። የካርዱን ማኑዋል አይታችሁ አረጋግጡ። መፍትሔው በማርሻሊንግ ካቢኔቱ (የሜዳው ሽቦዎች በሚሰበሰቡበት ሣጥን) ውስጥ 250 ኦም፣ ግማሽ ዋት ሬዚስተር በተከታታይ ማስገባት ነው። ኮሙኒኬተሩን ከሬዚስተሩ ወይም ከትራንስሚተሩ ሁለት ጫፍ ጋር ታገናኙታላችሁ። በፓወር ሰፕላዩ ሁለት ጫፍ ላይ ብታደርጉት አያነብም።

ሬዚስተር ከመጨመራችሁ በፊት ግን ቮልቴጁን አስሉ። ትራንስሚተሩ 10.5 ቮልት የሚፈልግ ከሆነ ከ24 ቮልት ላይ 13.5 ይቀራል። በ22 ሚሊ አምፒር ስታካፍሉት 613 ኦም ይሆናል። 250 ኦም ሬዚስተርና የ1 ኪሎ ሜትር ባለ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ኬብል 36 ኦም ቢደመሩ 286 ነው፤ በቂ ቦታ አለ። የኤታኖል ክፍል ካላችሁና ለፍንዳታ መከላከያ ዚነር ባሪየር ከተገጠመ ግን 300 ኦም ገደማ ይጨምራል። ድምሩ 586 ይሆናል። ፓወር ሰፕላዩ ወደ 23 ቮልት ሲወርድ የሚፈቀደው 568 ብቻ ነው። ያን ጊዜ የካርዱ 50 ኦም ሲደመርበት ልኬቱ ታች ላይ ጥሩ እየሠራ ወደ ላይ ሲወጣ 19 ምናምን ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ትራንስሚተሩን አትውቀሱ። ሬዚስታንሱ ልክ ሆኖ የማያነብ ካለ ደግሞ ሃርት የማያሳልፍ አይሶሌተር በመካከል መኖሩን፣ የመሣሪያው አድራሻ ከ0 ተቀይሮ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ኮሙኒኬተሩ ለዚያ መሣሪያ የሚሆን ዲዲ ፋይል (የመሣሪያው መግለጫ ፋይል) እንዳለው እዩ። ዲዲው ከሌለ መሠረታዊውን ብቻ ያሳያችኋል።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፋብሪካው እየሠራ ኮሙኒኬተር ከመሰካታችሁ በፊት ለኮንትሮል ሩሙ ተናግራችሁ ሉፑን ማኑዋል አስደርጉ። ሉፕ ቴስት የሚለውን አንድ ሰው ሳያስበው ከነካው ትራንስሚተሩ የውሸት ከረንት ይልካል። የቦይለር ድራም ሌቭል ላይ ይህ ቢሆን ውሃው ሳይጎድል ፓምፕ ይዘጋል ወይም ጎድሎ እያለ ያለ ይመስላል። የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ሉፖቹ ከተስተካከሉ በኋላ ከሃርት የምታገኙትን ተመልከቱ። የጁስ ማግኔቲክ ፍሎ ሜትር ቱቦው ባዶ መሆኑን ይነግራችኋል። የፒኤች መሣሪያው የኤሌክትሮዱን ሁኔታ ሊያሳያችሁ ይችላል። ፖዚሽነሩ ቫልቩ የታዘዘውንና የደረሰበትን ያወዳድራል፤ ማኅተሙ እየተጣበቀ መሆኑን በአገዳ መፍጨቱ ሥራ መሃል ከመቆሙ በፊት ታውቃላችሁ። ለመጀመር ትልቅ ሲስተም አያስፈልግም። አንድ ዩኤስቢ የሃርት ሞደም፣ አንድ ላፕቶፕ፣ በነፃ የሚገኘው ፓክትዌር የተባለው ፕሮግራምና አምራቾቹ የሚሰጧቸው ዲቲኤም ፋይሎች (መሣሪያውን ለፕሮግራሙ የሚያስተዋውቁ) ይበቃሉ። በክረምቱ 160ዎቹንም አንድ በአንድ እየዞራችሁ ሴቲንጋቸውን አስቀምጡ። የተቃጠለን ትራንስሚተር ስትቀይሩ ሬንጁን ከሰው ትዝታ መፈለግ ይቀራል። ቀጥሎ የፒኤልሲ ካርድ መግዣ ጊዜ ሲደርስ ሃርት የሚያሳልፍ ካርድ ጠይቁ። ወይም አሁን ባሉት ላይ የሃርት መልቲፕሌክሰር (ብዙ ሉፕ በየተራ የሚያነብ ዕቃ) ይገጠም። በአንድ ጥንድ ሽቦ ብዙ የሃርት መሣሪያ ማንጠልጠልም ይቻላል። ያኔ ግን ከረንቱ 4 ላይ ይቆማል፤ ልኬቱ ሁሉ በዚያ ቀርፋፋ ዲጂታል መንገድ ነው የሚመጣው። ለኮንትሮል አታድርጉት።

ዲጂታል ኔትወርክ በፋብሪካችሁ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ሞተሮቹ ላይ አለው። አንድ ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ከረንት፣ ፍጥነት፣ የብልሽት ቁጥር፣ ማስነሻና ማቆሚያ አለው። ለእያንዳንዱ ሽቦ መዘርጋት ትርፉ ድካም ነው። በፕሮፊባስ ዲፒ፣ በሞድባስ ወይም በፕሮፊኔት አንድ ኬብል ሁሉንም ይይዛል። አርኤስ-485 በሚባለው የፕሮፊባስ ዲፒ የሽቦ ደረጃ ላይ ርቀትና ፍጥነት እንደማይስማሙ ግን አስታውሱ። ፕሮፊባስ ዲፒ በዝቅተኛ ፍጥነት 1200 ሜትር ይሄዳል፤ በ12 ሜጋ ቢት 100 ሜትር ብቻ ነው። ከሞተር ኬብል አርቁት። ሞድባስ ራሱ የሚመጣለትን ትእዛዝ ከማን እንደመጣ አይጠይቅም። ስለዚህ ይህን ኔትወርክ ከቢሮው ኢንተርኔት ጋር በቀጥታ አታገናኙ።

ወደፊት ማስፋፊያ ካላችሁ ነገሩ ይለያል። ለአዲስ ሥራ እኔ ኤች1ንም ሆነ ፒኤን አልመርጥም። በ2021 የወጣው ኢተርኔት ኤፒኤል በሁለት ሽቦ ኃይልም መረጃም ይሰጣል። ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ነው፤ የኤች1ን 320 እጥፍ ማለት ነው። ዋናው መስመር እስከ 1000 ሜትር፣ ቅርንጫፉ እስከ 200 ሜትር ይሄዳል። ኬብሉ ያው ኤ ዓይነት ነው። ሜዳ ላይ ኃይል የሚፈልግ ስዊች ስላለው ስዊቹ ሲሞት ሥሩ ያሉት ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። መለዋወጫ ስዊች ቀድሞ መጋዘን ውስጥ መኖር አለበት። ሽቦ ለመጎተት ለማይመች የሩቅ ታንክ ሙቀት ደግሞ ባትሪ ያለው ዋየርለስሃርት ይበቃል።

የቦይለሩ ዝቅተኛ ውሃ መከላከያና የእሳት መከላከያው ግን በየትኛውም ምርጫ ለብቻው በተዘረጋ ሽቦ ይቆይ። በጋራ ኔትወርክ ላይ አታውጡት።

እንግዲህ ለሥራ አስኪያጁ የምታቀርቡት ይህ ይሁን። በዚህ ክረምት ትራንስሚተር አይነቀልም። ገንዘቡ ለሬዚስተር፣ ለኬብል ግላንድ፣ ለሺልድና ለመብረቅ መከላከያ ይዋል። ሺልዱ በአንድ በኩል፣ በካቢኔቱ በኩል ብቻ ግራውንድ ይደረግ። ሁለት የሃርት ሞደም ይገዛ፤ የሁሉም ሽፍት ሰዎች ይሠልጥኑ። ማስፋፊያ ላይ የሚዘረጋው ኬብል ኤ ዓይነት እንዲሆን ጨረታው ላይ ይጻፍ። አቅራቢው በሐሳቡ ከጸና ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፦ የእያንዳንዱን ሴግመንት የቮልቴጅ ስሌት፣ የመለዋወጫ ዝርዝር ከማስረከቢያ ጊዜው ጋር፣ እና ለሽፍቱ የሚያስረክበውን የሲግናል መለኪያና ሥልጠና። ሦስቱን ካላመጣ ውሉ አይፈረም።